አጥርና ጎረቤት

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጣራው ነው፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ግን ሐሳቡ ሁሉ ወደ አጥሩ ይዞራል። ጣራ ከዝናብና ከፀሐይ ይከለክላል፤ አጥር ግን ከሰው ይከለክላል። ከሰው መከልከልም ከዝናብ ከመከልከል ይልቅ ጥንቃቄና ሕሊና የሚጠይቅ ነገር መሆኑን እኛ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ይህን ጽሑፍ ለአንባቢያን እንድናቀርብ ያነሣሣን በገዛ ግንባችን ላይ የደረሰው ነገር ነው እንጂ የሌላውን ሰው ጥፋት ለመዘርዘር ፈልገን አይደለም።

ባደግንበት የገጠር አገር አጥር ማለት አጋም፥ ቀጋ፥ ቁልቋል ወይም የግራር እሾህ ነበረ። እሾህ መሆኑ እውነት ነው፤ የቁልቋሉም ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ እንደሚጎዳ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ያ አጥር ምን እንደ ሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ሥራውም ከብትን ከእህል፥ ጅብን ከበረት መለየት ነበረ። ደግሞም እሾሁን ታግሦ ለቀረበ ልጅ የአጋሙን ፍሬ አይነፍገውም ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከመጣን በኋላ ያየነው አጥር ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ በግንብ አናት ላይ የተተከለ የጠርሙስ ስባሪ፥ ቀጥሎ እሾህ ሽቦ፥ አሁን ደግሞ እንደ ምላጭ የተሳለ፥ ክብ ክብ ሆኖ የሚዘረጋ ጥቅል ሽቦ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ካለ ግቢ የጋዝ ሲሊንደርና አንድ ቴሌቪዥን በሌሊት ተሰረቀ። ወሬው በሠፈሩ ሲዛመት እኛም እንቅልፍ አጣን፤ ከሳምንት በኋላ መርካቶ ወርደን ያን ምላጭ ሽቦ ገዛን። ሊዘረጋልን የመጣው ሠራተኛ ጠንካራ የቆዳ ጓንት እንድንገዛለት ቢጠይቀን «ለአንድ ቀን ሥራ ምን ጓንት ያስፈልጋል» ብለን ነፈግነው። ማታ ሲሄድ ሁለት ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። እኛም ትንሽ ጉርሻ ጨምረንለት ሸኘነው፤ ያ ሽቦ የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰው ከሌባ ሳይሆን ለፍቶ ከሚያድር ሰው መሆኑን ግን ያን ጊዜ ልብ አላልንም።

ግቢያችን ያለው በተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ ግንባችን ከበሩ በኩል ሲታይ ረጅም ቢሆንም ቅሉ፥ ከላይ ባለው መተላለፊያ በኩል መሬቱ ከፍ ስለሚል ከአንድ ልጅ ደረት አያልፍም። ሽቦውን ግን ዙሪያውን አንድ አድርገን ዘረጋነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የጎረቤታችን ልጅ፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው፥ ወደ ግቢያችን የገባች ኳሱን ለማየት በዚያ በኩል ክንዱን አሾለከ። ምላጩ እጅጌውን ያዘው፤ ልጁም ደንግጦ ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ። የዚህ ሽቦ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስለቱ ጫፍና ጫፉ እንደ መንጠቆ የተቀረጸ ስለሆነ የያዘውን አይለቅም፤ በሳቡት መጠን የበለጠ ይቈርጣል። ጩኸት ሰምተን ስንወጣ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰንጥቆ አገኘነው።

በጤና ጣቢያ ስምንት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ ቍስሉን በብዙ ውሃ ካጠበ በኋላ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲወጋ አዘዘ፤ ለእኛም እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ሰውየውን ጎትቶ ማላቀቅ እንደማይገባ፥ ልብሱን ቈርጦ ወይም ሽቦውን በመቍረጫ ቈርጦ በዝግታ ማውጣት እንደሚሻል አስረዳን። የሕክምናውን ወጪ ሁሉ እኛ ከፈልን። የልጁ እናት በየበዓሉ ቡና የምንጠራራ ወይዘሮ ናቸው፤ ይሰድቡናል ብለን ስንጠብቅ አልተሳደቡም። «ጋሼ፥ አጥሩ የእርስዎ ነው፤ ልጁ ግን የእኔ ነው» ብለው ዝም አሉ። ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ ባላጣንለት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሕግ ያጠና አንድ ወዳጃችንን «ንብረታችንን ብንጠብቅ ጥፋታችን ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጥቶ ሦስት ቦታ አሳየን። አንቀጽ 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳትና ሁከት ማድረስ እንደማይገባው ይናገራል፤ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን ይክፈል ይላል፤ አንቀጽ 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፥ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ ያደርገዋል። «በግንብ ላይ ያለ ሽቦ ሕንፃ ነው ወይስ አይደለም ብለህ ልትከራከር ትችል ይሆናል፤ ነገር ግን ምላጭን በልጅ ደረት ቁመት መዘርጋት ጥፋት አይደለም ብለህ ለመከራከር አትችልም» አለን። እነዚህ አንቀጾች ሽቦን በስሙ አይጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለጋቸውም። ሕጉ የሚመለከተው የዕቃውን ስም ሳይሆን የሰውን መጎዳት ነውና።

ከዚህ በኋላ ስለዚህ ዕቃ ታሪክ ለማወቅ ጓጓን። እሾህ ሽቦን በሰፊው እንዲሠራበት ያደረገው ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የአሜሪካ ገበሬ ነው፤ በኢሊኖይ ግዛት በደ ካልብ ከተማ ይኖር ነበረ። ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዝዘው እሾሁን ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዙበትን ዘዴ አግኝቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኅዳር 24 ቀን 1874 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ዕንጨትና ድንጋይ በጠፋበት በዚያ ሜዳማ አገር ዓላማው ከብትን ከእርሻ መከልከል ነበረ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ግን እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ከቦኤሮች ጋር ባደረጉት ጦርነት፥ ከዚያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ ያው ሽቦ በሰው ላይ ተዘረጋ። ለላም የተሠራው ለወታደር፥ ለወታደር የተሠራው ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ሆነ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን አደጋ ቀደም ብሎ አይቶታል። በ1893 በአውራ መንገድ ዳር ስለሚዘረጋ እሾህ ሽቦ ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ፤ ዛሬም በ1980 የወጣው የመንገዶች ሕግ በአንቀጽ 164፥ በመንገድ አጠገብ የተዘረጋ እሾህ ሽቦ መንገደኛን ወይም እንስሳን የሚጎዳ ሆኖ ሲገኝ የአካባቢው አስተዳደር የመሬቱን ባለ ይዞታ እንዲያነሣ ለማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። መንግሥታት ራሳቸው በዚህ ነገር ሲያመነቱ ታይተዋል፤ እስጳንያ በሰሜን አፍሪካ ባለችው በሜሊያ ከተማ ዙሪያ በ2005 የዘረጋችውን ምላጭ ሽቦ በ2007 አነሣች፥ በ2013 መልሳ ዘረጋች፥ ከዚያም በኋላ ደግሞ ታነሣው ጀመር። ድንበር የሚጠብቅ መንግሥት እንዲህ ካመነታ፥ የጋዝ ሲሊንደር የሚጠብቅ ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ አያሳፍረውም።

እኛም አሰብን። በመተላለፊያው በኩል ያለውን ሽቦ ፈጽመን አነሣን፤ በምትኩ ጫፉ የደነዘዘ የብረት ፍርግርግ አስበየድን፥ በሥሩም አጋም ተከልን። ግንቡ ከሰው ቁመት እጅግ በሚያልፍበት በኋላ በኩል ብቻ ሽቦው ቀርቷል፤ እሱንም ወደ ውስጥ አዘንብለን በግቢያችን ክልል ብቻ እንዲሆን አደረግን፥ ከሩቅ የሚነበብ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አደረግንበት፥ መብራትም ጨመርን። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እንመረምረዋለን፤ የዛገና የተንጠለጠለ ሽቦ ጠባቂነቱ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናልና። ለዚህ ሥራ ለመጣው ሠራተኛ የቆዳ ጓንት ገዛንለት። የመጀመሪያውን ሠራተኛ ግን ፈልገን አላገኘነውም።

የዚያ የስርቆት ነገር ደግሞ ቈይቶ ተገለጠ። ሌባው የገባው በግንብ ዘሎ አልነበረም፤ ቤተ ሰቡ ሳይዘጉት ባደሩት በር ነው። ለዚያ መድኀኒቱ አንድ መቀርቀሪያ ነበረ፤ እኛ ግን ከድንጋጤያችን የተነሣ የገዛነው ሠላሳ ሜትር ምላጭ ነው።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፥ አጥር አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሌባ አለ፤ ቤትንም መጠበቅ የማንም ሰው መብት ነው። ነገር ግን ሽቦ የሚዘረጋ ሁሉ «ይህ ስለት ሌባውን ከማግኘቱ በፊት ማንን ያገኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሌባ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ የጎረቤት ልጅ ግን በየቀኑ ያልፋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ጎረቤቱ ያለ ሥጋት ሲቀርብ ነው።

ልጁ አሁን አድጓል። በመንገድ ሲያገኘን ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጠናል፤ እጁን ሲዘረጋልን ጠባሳው ከእጅጌው ሥር ብቅ ይላል። እሱ ረስቶታል ይላሉ እናቱ። እኛ ግን እጁን በጨበጥን ቍጥር ያን ግንብ እናየዋለን።