በባልቲሞር የተገናኙት

ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ሙዚየም መሄድ ሁልጊዜ ለነገ የሚባል ነገር ነው። በነጻ የሚገባበት ሞልቷል፣ ዛሬም አለ፣ ነገም አለ፤ ዘመድ ከአገር ቤት ካልመጣ በቀር የሚያስታውሰውም የለም። ልዩ ዐውደ ርእይ ግን ሰው አይጠብቅም። ከዚህም ከዚያም በልመናና በውሰት የተሰበሰበ፣ ቀን የተቆረጠለት ጉባኤ ነው። ቀኑ ሲሞላ እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ያ ስብስብም እንደዚያ ሆኖ ሁለተኛ በአንድ ቤት አይገናኝም። እኔ ይህን የተረዳሁት በእስክንድር ቦጎሲያን ሞት ሰሞን ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2003፣ ሜይ መግቢያ ላይ ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎችን ሥራ አሰባስቦ ማሳየት ጀመረ። እስክንድር ነበረበት፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ፣ ከበደች ተክለአብ፣ አይዳ ሙሉነህ፣ ያኔ ስሟ ገና እየወጣ የነበረው ጁሊ ምሕረቱም ነበሩበት። ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በሰሞኑ፣ ሜይ 4፣ እስክንድር ዐረፈ። እኔ ያኔ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። የማታውን ፈረቃ የሚረከበኝ ልጅ ነው የነገረኝ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሰምቶት ነበር። «ሥዕሉ እኮ አሁን እዚሁ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

ያን ሙዚየም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከላይ የሚታየው አነስ ያለ መግቢያ ብቻ ነው፣ ሙዚየሙ ራሱ ያለው ከመሬት በታች ነው። ደረጃውን ወርጄ አዳራሹ ስደርስ የቆመው ሰው አብዛኛው የኛው ሰው ነበር። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ነበሩ። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1972 ጀምሮ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና የቀድሞ ተማሪዎቹም መጥተው ነበር። ሥዕሎቹ ፊት እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብለው ይቆማሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ቦታ ይለቃሉ። አንድ ሽማግሌ እስክንድር ጽጌረዳ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ከየት እንደሚያመጣ፣ የብራናውን ክታብ ከሕልም ጋር እንዴት እንደሚያዋሕድ ለማያውቁት ወጣቶች ያስረዳሉ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገና በ1960ዎቹ ሥራውን እንደገዛው የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐውደ ርእዩ ተዘጋ። ያን ሁሉ ሥራ በአንድ ግድግዳ ላይ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ስለዚህ በ2023 መጨረሻ ላይ ባልቲሞር ውስጥ ዋልተርስ ሙዚየም «ኢትዮጵያ በመስቀለኛው መንገድ» የሚል ትልቅ ዐውደ ርእይ እንደከፈተ ስሰማ ነገ ከነገ ወዲያ አላልኩም። ዲሴምበር 3 ተከፍቶ ማርች 3 ቀን 2024 ይዘጋል። ከ220 በላይ ዕቃዎች፤ ከፊሉ የሙዚየሙ የራሱ፣ ከፊሉ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከኢትዮጵያ በውሰት የመጣ። ያዘጋጀችው ክሪስቲን ሻካ ናት፤ የዘመኑን ሥራዎች በመምረጥ ደግሞ የዋሽንግተኗ ጸዳይ መኮንን አብራት ሠርታለች። ዋልተርስ ለኛ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1993 «አፍሪካዊት ጽዮን» የተባለው የቅዱሳት ሥዕላት ዐውደ ርእይ የተነሣው ከዚያው ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገዛቸው መስቀሎች፣ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ውጪ ካሉት ታላላቅ ስብስቦች አንዱ አድርገውታል።

ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ቅዳሜ እናቴንና ልጄን ይዤ ሄድኩ። እናቴ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ነው ከቤት የወጣችው። «እማዬ፣ ሙዚየም እኮ ነው» ስላት «ሥዕለ ማርያም አለ አላልከኝም?» አለችኝ። የሚመለስ መልስ አልነበረኝም። በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ «ጫማ ይወለቃል?» ብላ ጠየቀች።

ስትገባ መጀመሪያ የቆመችው የመጾር መስቀሎቹ ዘንድ ነው። መስታወት ውስጥ፣ ከታች በቀጭን ብረት ተይዘው፣ መብራት ከላይ ወርዶባቸው፣ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ሌላ መስቀል ሠርቷል። ሌላው ጎብኚ የሐረጉን ሥራ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል፣ ፎቶ ያነሣል። እናቴ ግን ለብዙ ጊዜ አየችና «ልብሱን የት አደረጉት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ መስቀሉን ዕርቃኑን አይተነው አናውቅም። ከእጀታው በላይ በግራና በቀኝ የተንጠለጠሉት ሁለት ቀለበት መሳይ ክንዶች ጨርቅ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ካህኑ ሲይዘው ግምጃው ወርዶ እጁን ይሸፍነዋል፣ በዑደት ጊዜ ከመስቀሉ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ያ ጨርቅ ሲወልቅ ናሱና የሠሪው እጅ ጥበብ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ይህን ያህል የሚደንቅ ሥራ መሆኑን እኔ ራሴ ያወቅሁት እዚያ ነው። እናቴ ደግሞ የጎደለውን አየች። ሁለታችንም የየራሳችንን ያየነው በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ መስታወት ፊት ቆመን ነው፤ የሷን ዓይን ግን የትኛውም የመግለጫ ጽሑፍ አይሰጠኝም ነበር።

አማትባ ዝቅ ስትል ግንባሯ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የጥበቃ ሠራተኛው ጠጋ አለ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ እስክትጨርስ ጠበቃት። ስናልፍ «እናትህ ናት? ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ እኔም ለመድኩት» አለኝ።

የአክሱም ሳንቲሞች ዘንድ ብዙ አልቆየንም። የጣት ጥፍር ያህሉ ናቸው፤ ነገር ግን መስቀልን ሳንቲማቸው ላይ በመቅረጽ ከዓለም ቀደምት ከሆኑት መካከል ናቸውና ልጄ ጎንበስ ብላ እንድታይ ግድ አልኳት። እሷ የያዛት ግን ብራናው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ተምራለች፤ በምን ይጠቅመኛል እያለች። አሁን የተከፈተ ወንጌል ፊት ቆማ በሹክሹክታ ትቆጥራለች፦ በ፣ ስ፣ መ፣ አ፣ ብ። ቀና ብላ «ይነበባል!» አለች፣ እንደ ተአምር። አያቷ ግእዝ ተምራ አታውቅም፤ ጸሎቱን ግን በቃሏ ታውቀዋለችና ልጅቱ ሁለት ፊደል ስትይዝ እሷ ቀሪውን ትሞላላታለች። ቅዱስ ስሞቹ በቀይ፣ ሌላው በጥቁር ተጽፏል። ገጹ ላይ ፍየሉ በሕይወት ሳለ ዝንብ ነክሶት ይሁን ቆዳው ሲወጠር ተቀዶ እንጃ፣ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ጸሐፊው ቃሉን ሳይሰብር ዞሯት አልፏል። ልጄ ያቺን ቀዳዳ በስልኳ አነሣቻት።

የዚያ ቤት ልብ ግን ለኔ ሁለት ሥዕሎች ናቸው፤ ነገሩን ጠለቅ አድርጌ ልናገር።

አንዱ ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት ሥዕል ነው፤ የፍሬ ጽዮንን ፈለግ በተከተለ ሰው እጅ የተሣለ። ፍሬ ጽዮን የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሠዓሊ ነው፤ ንጉሡ ከ1434 እስከ 1468 ነግሠው የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበርና እንዲሰገድለት ያደረጉ ናቸው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ አገጯን ይዳስሳል። ይህን የልጅ አኳኋን የቀርጤስና የኢጣሊያ ሠዓሊዎችም ይሥሉታል፤ ዐውደ ርእዩም የኛን ሥዕሎች ከባሕር ማዶዎቹ ጋር አጎራብቶ ያሳያል። ትምህርት ቤት ስንማር ኢትዮጵያ ሺህ ዓመት ተኝታ የኖረች፣ ዓለም የረሳት አገር ናት ብለውናል። እዚህ ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል፤ የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሌዮን በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ መርቆሬዎስ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሥሏል፤ ዘግይቶም ኢየሱሳውያን ይዘውት የመጡትን የሮሙን የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል የጎንደር ሠዓሊዎች ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል። ዝም ብለው አልገለበጡም፤ የመረጡትን ወሰዱ፣ ዓይኑን አሰፉ፣ ቀለሙን ለወጡ።

ሁለተኛው የብራና ማራገቢያ ነው። ሲታጠፍ ጠባብ መጽሐፍ ያህል ነው፤ ሲዘረጋ እንደ መንኮራኩር ክብ ይሆናል፣ ቅዱሳኑ ሁሉ ዙሪያውን ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ብራናው አንድ ወጥ አይደለም፤ ቁርጥራጩ በክር ተሰፍቶ የተያያዘበት ይታያል። በበዓል ቀን ተዘርግቶ በሰልፍ ይያዝ የነበረ ነው። መካከል ላይ እመቤታችን ሁለት እጆቿን ዘርግታ ትጸልያለች። የተሠራው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በጉንዳ ጉንዶ ነው ተብሎ ይታመናል፤ የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም። እነዚያ መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ብላችኋል ተብለው በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተገረፉ፣ የተሰደዱ፣ የተገደሉ ናቸው። የማርያም ጠላቶች የተባሉት መነኮሳት ልጆች ናቸው እንግዲህ ማርያምን እንዲህ አድርገው የሣሉት።

እናቴ ማራገቢያው ፊትም ሰገደች። ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እኔ ግን ከዚያ መንቀሳቀስ አቃተኝ። የአሳዳጁ ንጉሥ ሠዓሊ ፈለግና የተሳዳጆቹ መነኮሳት ብራና በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መብራት! በዘመናቸው ቢገናኙ ደም ነበር። አምስት መቶ ዓመት አልፎ፣ ባሕር ተሻግረው፣ ባልቲሞር ላይ ተገናኙ፣ አንዲት የሸዋ እናት ለሁለቱም እኩል ሰገደች። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ተማሪዎቹን እዚያ ማቆም ነበረበት እላለሁ። ታሪኩን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳየኝ ግን የለም።

«ይሄን ሁሉ ማን አመጣው?» አለችኝ እናቴ ወንበር ላይ ስናርፍ። ማራገቢያው በ1996 በግዢ የገባ ነው፤ የኛ ንብረት በብዙ መንገድ ወጥቷል፣ በ1868 መቅደላ ላይ የተዘረፈው አለ፣ በችግር ጊዜ የተሸጠው አለ፣ ተሰርቆ የወጣው አለ። በሚገባኝ መጠን አስረዳኋት። «ታዲያ ካህን ይመደብለታ» አለች። ቅርሱ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ውስጥ ይህን የመሰለ ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም፤ ያለ ቀልድ ነው የተናገረችው፣ እኔም እንደ ቀልድ አልሰማኋትም። እንዲህ ያለ ሙዚየም እዚሁ አጠገቡ የሚኖሩትን ካህናትና መርጌቶች ጠርቶ አብሮ ቢሠራ የሚያጣው ነገር የለም።

በመካከል የሚሸተቱ ካርዶች ነበሩ፤ ሲፋቁ አንዱ ዕጣን፣ አንዱ የብራና መጽሐፍ፣ አንዱ በርበሬ ይሸታል። ልጄ ሁሉንም ፋቀች። እናቴ በርበሬውን አሽትታ «ኮረሪማው ጎድሎታል» ብላ መለሰችላት፤ የብራናውን ግን ለረጅም ጊዜ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው።

የዘመኑ ሥራዎች ከጥንቶቹ መካከል ተበትነው ነው የተቀመጡት፤ ይህን አሠራር ወድጄዋለሁ። የወሰኔን ሥራ ሳይ ያ 2003 ትዝ አለኝ። ወሰኔ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የእስክንድር ተማሪ ነበር። ፊደሉን ይሰብረዋል፣ ይገለብጠዋል፣ እንዲደንስ ያደርገዋል። ልጄ አሁንም ልትቆጥር ሞከረች። «ይሄ ሀ ነው? አይደለም፣ ግማሽ ሀ ነው።» ቃል አልወጣላትም፣ እሷ ግን አልተናደደችም፤ የቅድሙን ወንጌል ጸሐፊና ይህን ሠዓሊ ባንድ ቀን ስላገኘቻቸው መሰለኝ አንዱ ፊደል ለሁለቱም እንደሚታዘዝ ገባት። ሁለቱን በተለያየ ዓመት በተለያየ ከተማ ብታያቸው ኖሮ ይህ ይገባት ነበር አልልም።

ሊዘጋ ሰሞን ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ስብስቡ ወደ ሴለም፣ ማሳቹሴትስ፣ ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም፣ በመጨረሻም ወደ ቶሊዶ፣ ኦሃዮ አለፈ። ሴፕቴምበር ላይ ኮሎምበስ የሚኖር የልጅነት ወዳጄ ደወለልኝ። የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው።

«ቶሊዶ እኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አለኝ። «ባረፍኩባት ቀን ደግሞ መንዳት? ፎቶውን ላክልኝና ልየው።»

«ፎቶ አልክልህም» አልኩት። «ኖቬምበር 10 ይዘጋል። እትዬን ይዘህ ሂድ፣ ልጆቹንም። መስቀሎቹ ጋ ስትደርስ አታጣድፋት፣ ወንበር ፈልግላት። አንተ ማራገቢያውን ሳታይ እንዳትወጣ።»

«የምን ማራገቢያ?»

ስለ ጉንዳ ጉንዶ ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብንነሣ እንደርሳለን?» አለ።

«ቅዳሜ ሂድ» አልኩት። «እሑድ አይበቃህም።»