ጎጆ የመውጫ ዕድሜ

በእኛ በጎብዬ ማግባትና ቤት ማቆም አንድ ነገር ነው፤ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። በአዲስ አበባ ግን በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው ከዐሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ «ቤት ሳልይዝ፣ ሠላሳ ሳይሞላኝ አላገባም» እላለሁ።

ባለፈው ክረምት የዐሥራ ስድስት ዓመት እኅቴን ለመጠየቅ ሽማግሌ መጣ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ይል ነበር፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ግን በ1995 ዓ.ም. ለሁለቱም 18 አደረገው። ይህንኑ ለአባቴ ነገርሁት።

«ይሁን፤ ሁለት ዓመት ትቆይ። ወይስ እንዳንተ ሠላሳ እስኪሞላት?» አለኝ።

ስለ ራሴ በድፍረት የምናገረው ሰውዬ ዝም አልሁ። እኅቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር።