ቅጹን ማን ይሙላው?

ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ ቅዳሜ ማታ። እራት በልተን ዜና እየተመለከትን ሳለ ስልኬ ጠራ። ለንደን ያለችው የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ሁለቱም ተቀበሉኝ!» አለችኝ። ባለቤቴ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሁለቱ የተባሉት የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በአጭሩ ዩሲኤል የሚሉትና የስኮትላንዱ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ልጅቷ መማር የምትፈልገው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። «የትኛውን ልምረጥ? አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። እዚያው ተወልዳ ያደገች ስለሆነች «አንተ» ስትለኝ ቅር አይለኝም። ሠላሳ አራት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና እኔን መጠየቋ አኮራኝ።

በእኛ አገር ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላና ምደባውን ይጠብቃል። እዚያ ግን እስከ አምስት ቦታ ያመለክታል። ዩኒቨርሲቲዎቹ «ይህን ውጤት ካመጣሽ እንቀበልሻለን» ብለው ይመልሳሉ። ከተቀበሉት መካከል ተማሪው አንዱን የመጀመሪያ ምርጫው፣ ሌላውን መጠባበቂያው አድርጎ ያሳውቃል። የፈተናው ውጤት የሚታወቀው ነሐሴ ላይ ነው። የእኛዋ ልጅ እስከ ግንቦት መጨረሻ መወሰን ነበረባት።

በማግስቱ ደብተር አወጣሁና ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በስም የሚያንስ የለም። ኤዲንብራ እ.ኤ.አ. በ1582 የተመሠረተ ሲሆን፣ ሥነ ጽሑፍን ራሱን በቻለ የፕሮፌሰርነት ወንበር ማስተማር የጀመረው በ1762 ነው። ዩሲኤል የተቋቋመው በ1826 ቢሆንም፣ በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የተሾመው እዚያ ነው፤ በ1828።

ልዩነቱ ያለው በውስጣቸው ነው። የለንደኑ ሦስት ዓመት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተማሪውን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ያስገባዋል፤ የጥንቱን እንግሊዝኛ ያስጀምረዋል፤ የጻፈውን ድርሰት ይዞ ከመምህሩ ጋር ለብቻው የሚወያይበት ጊዜም አለው። የኤዲንብራው አራት ዓመት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪው ከሥነ ጽሑፍ ጎን ሌሎች ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ጠለቅ ብሎ የሚገባበት ከዚያ በኋላ ነው። በስኮትላንድ ነባር ልማድ ይህ የመጀመሪያ ዲግሪ «ማስተር ኦፍ አርትስ» ይባላል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ልጄ በአንዴ ማስተርስ ልትይዝ ነው» ብላ ለዕድርተኛው ሁሉ አወራች።

ወጪም አለ። ለእንግሊዝ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2025/26 የትምህርት ዘመን በሁለቱም ዘንድ በዓመት 9,535 ፓውንድ ነበር። መንግሥት ያበድራል። ተበዳሪው መክፈል የሚጀምረው የዓመት ገቢው ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው 9 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል። ቢሆንም አራት ዓመት ማለት የአንድ ዓመት ዕዳ ጭማሪ ነው። ለንደን ከሆነ ደግሞ ከእናቷ ቤት እየተመላለሰች ትማራለች፤ የቤት ኪራይ የለባትም።

ደውዬ «ለንደን ይሻልሻል» አልኳት። ዓመቱንም፣ ኪራዩንም ቆጠርኩላት። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን የሚገኙበት የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ከዩሲኤል በእግር የሚደረስ መሆኑንም ጨመርኩላት። ያልነገርኳት አንድ ምክንያት ግን ነበረኝ። ልጄ፣ ማለትም እናቷ፣ ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅም አላት። ኤዲንብራ ከለንደን በባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትልቋ ከሄደች ልጄን ማን ያግዛታል? ጭንቀቴ ይኸው ነበር።

«እሺ አባባ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ ምን አሏት? ልጅቷ ዝም ብላለች። ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችውን የኤዲንብራ ሥዕል አውርዳዋለች።»

ምክንያቶቼን ደረደርኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ «ለእኔ ብለው ከሆነ አያድርጉት» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «የእኔን ቅጽ የሞላው ማን ነበር?» አለች።

ቁጣ የለበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር። መልሱን ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ይዛ ስትመጣ «ሥነ ጽሑፍ እፈልጋለሁ» ብላኝ ነበር። እኔ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ «ሥነ ጽሑፍ እንጀራ አይሆንም» ብዬ በራሴ ስክሪብቶ አንደኛ ላይ አካውንቲንግ ብዬ ሞላሁ። ያን ቀንም ያለችኝ «እሺ አባዬ» ነው። ተመረቀች፤ ጥቂት ዓመት ሠራችበት፤ አንድ ቀንም ወዳው አታውቅም። ከአገር ስትወጣ ዲግሪውን እኛ ቤት ትታው ሄደች። ዛሬም ቁም ሣጥናችን ውስጥ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ለልጅ ልጄ ደወልኩ። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ምንም ሳልናገር «ኤዲንብራን ለምን ወደድሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ለካ ከመነሻው ይህን አልጠየቅኋትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለክረምት መጥታ ሳለ ከመደርደሪያዬ «ራሴላስ»ን አንስታ አንብባ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ ሳያይ በ1759 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። አንድ የሐበሻ ልዑል የትኛው ኑሮ እንደሚሻል ሊመርጥ ከአገሩ ወጥቶ ሲዞር ያሳያል። «ሰውየው ኢትዮጵያን ከየት አመጣት? እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዚያ ታሪክም መማር አለብኝ። ኤዲንብራ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስጀምረኛል» አለችኝ። ጆንሰን ከዚያ በፊት አገራችን የነበረውን የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንደነበር ስነግራት ጮኸች፤ ወዲያው ስትጽፍ ሰማኋት። አማካሪ የሆንኩት ያኔ ነው።

«እማዬስ?» አለችኝ ቀጥላ። ያንን የፈራችው ከእኔ አስቀድማ ኖሯል። «እሱን ከእናትሽ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ ብቻሽን አትሸከሚው» አልኳት። የአራተኛውን ዓመት ዕዳም አልሸሸግኳትም። እናትና ልጅ ተቀምጠው ሒሳቡን ሠሩ። ከቤት ርቆ ለሚማር ተማሪ የኑሮ ብድሩ ከፍ እንደሚል አረጋገጡ። ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣ ጎረቤት አገኙ፤ ልጄም ከሌሊት ፈረቃዋ ሁለቱን ወደ ቀን ለማዛወር አመለከተች። አንዱ ተፈቀደላት፤ ሁለተኛው ገና ነው። ግንቦት ሳያልቅ ልጅቷ ኤዲንብራን አንደኛ፣ ለንደንን መጠባበቂያ አድርጋ በገዛ እጇ ሞላች።

እንደ እኔ ያላችሁ አያቶች፣ ልጆቻችን ሲያማክሩን መልስ ለመስጠት እንቸኩላለን። የምናውቀውን እንንገራቸው፤ ዓመቱን፣ ዕዳውን፣ መንገዱን አብረን እንቁጠር። «እሺ» ብለው ዝም ሲሉ ግን ምርቃት ተቀበሉ ብለን አንለፈው፤ መልሰን እንደውል።

አሁን ነሐሴን እየጠበቅን ነው። ባለቤቴ ስለት ተስላለች። «ማስተርሷን ስትይዝ» እያለች ማውራቷንም አልተወችም፤ እኔም ማረሙን ትቼዋለሁ።