ዱካው እስኪታጠፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? የእኔን ፊት ውርጭ ልጦታል።

ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ዓርብን ከዴንቨር ሙሉ ቀን ነድተን፣ ቅዳሜ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ በስኪ ስንሄድ ዋልን። ብላክቴይል ፕላቶ የሚሉት መንገድ ነው፤ ሙቀት ሲሆን መኪና ይሄድበታል፣ በረዶ ሲጥል ለእግረኛና ለስኪ ብቻ ይተዋል። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስኪው ጣት በኩል ብቻ ይታሰራል፣ ተረከዝ ይነሳል፤ ሥሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስለሆነ ዳገት ላይ ወደ ኋላ አይመልስም። ቁልቁለቱን ግን አይጠይቁኝ። አምስት ጊዜ ወደቅሁ።

እኛ በረዶ ስንል ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። የዚህኛው ድምፅ የለውም። ፀጥ ከማለቱ የተነሳ አንዲት ቀበሮ ጆሮዋን ወደ በረዶው ቀስራ ስታዳምጥ እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። ዘላ በጭንቅላቷ ጠለቀች፤ ውጭ የቀረው ጭራዋ ነበር። አይጥ ይዛ ወጣች! አገራችን ጨነቅ ላይ በሆዴ አስተኝተው ቀይ ቀበሮ አይጥ ጉድጓድ ላይ ሲያደባ ያሳዩኝ ቀን ትዝ አለኝ። የኛው ግን ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘሩ ከተኩላ ነው።

ተኩላ ካልኩ አይቀር፣ ዱካውን አገኘሁ። ከጓንቴ ሊስተካከል ምንም አልቀረው። በአንድ መስመር ስለሚሄድ ጓደኛዬ “አንድ ነው” አለች። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ነኝ፤ ዱካ እስኪታጠፍ አይቆጠርም ብዬ ተከተልኩት። ቁጥቋጦው ጋ ሲደርስ ለአራት ተከፈለ። ለካ በጥልቅ በረዶ አንዱ የረገጠውን ሌላው እየረገጠ ነው የሚሄደው። እዚህ ተኩላን በፈረንጆቹ 1926 ጨርሰውት ነበር፤ በ1995 ከካናዳ አምጥተው መለሱት። የፓርክ ስካውት ሆነው ስንት ሌሊት ለአውሬ ሲሉ ውርጭ ላይ ያደሩ ሰው ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ መስማት ነው የምፈልገው።

እስከ ጫፉ ግን አልሄድንም። ኩርባው ላይ ሁለት ባይሰኖች፣ ከጎሽ የሚገዝፉ፣ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። የተጠቀጠቀ በረዶ ለእነሱም ይመቻቸዋል። አንደኛው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ በረዶውን ጠርጎ ሣር ይፈልጋል፤ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል፣ ጀርባው ላይ የተከመረው ደግሞ አይቀልጥም፤ ፀጉሩ ሙቀቱን አያስወጣማ። ጓደኛዬ በጎን እንለፍ አለች። ደንቡ 23 ሜትር መራቅ ነው፣ ጎኑ ደግሞ ገደል። የባይሰኑ ጭራ ቀስ እያለ ቀጥ ሲል ክርክሩ አበቃ። ወደ ኋላ ተመለስን። አኩርፋ መኪና ውስጥ ግማሽ መንገድ አልተነፈሰችም። እርስዎ ቢሆኑ ግን አስቀድመው ይመልሱን ነበር።

የዱካውን ፎቶ ለወንድሜ በቴሌግራም ልኬዋለሁ፤ መነጽርዎን አድርገው ይዩት። ጓንቴ አጠገብ ያለው የፊት እግር ነው የኋላ? እኔ የፊት ነው ብያለሁ።

ልጅዎ