ስክሪን ከማስቀየራችሁ በፊት መብራቱን አጥፍታችሁ ሞክሩ

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ሪሴትልመንትም አላወራም፤ ስለ ስልክ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ከሪሴትልመንቱም ጋር እንደሚገናኝ ታያላችሁ።

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው አንድ ዓይነት ችግር ይዞ መጣ። ቲቸር ፊዚክስ ስለሚያስተምር ስልክም ይጠግናል ብለው ነው። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ሲደወል ስክሪኑ ጭልም ይልና ከጆሮ ሲያወርዱትም አይበራም፤ መዝጋትም ቁጥር መጫንም አይቻልም። ወይም በተቃራኒው፣ ጆሮ ላይ ሆኖ ሳይጠፋ ይቀርና ጉንጭ ያልሆነ ቦታ ይነካል።

ከአራቱ አንዷ የተማሪዬ እናት ናቸው። ለዓመታት ሲጠብቁ የነበረው ስልክ ከአንድ ቢሮ ተደወለላቸው፣ ቁጥሩን በደበቀ መስመር። ደዋዩ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም" ብሎ ዘጋ። እሳቸው ግን እየተናገሩ ነበር፤ ጉንጫቸው ሚዩቱን ተጭኖት ነው። የተደበቀ ቁጥር ደግሞ መልሶ አይደወልለትም። ጥገና ቤት ሲሄዱ "ስክሪኑ አልቋል፣ 4,500 ሽልንግ" ተባሉ።

ልጃቸው ስልኩን ትምህርት ቤት አመጣልኝ። ክፍል ውስጥ ሞከርነው፤ ምንም የለበትም። ማታ እንጀራ የሚሸጡባት ሱቅ ስንገባ ያው ችግር ተመለሰ። ቀና ስል አሮጌ ፓውዛ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ሲያወሩ የስልኩን አናት ከጆሯቸው ትንሽ ከፈት አድርገው ነው የሚይዙት። ፓውዛውን አስጠፍቼ ደወልኩላቸው፤ ስክሪኑ እንደ ደንቡ ጠፋ፣ ሲያወርዱትም በራ።

ነገሩ ይህ ነው። በስልኩ አናት፣ ድምፅ ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር የሚባል ትንሽ ነገር አለ። ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል፤ ፊታችን ሲቀርብ ብርሃኑ ነጥሮ ይመለሳል፤ ብዙ ከተመለሰ "ጆሮ ላይ ነኝ" ብሎ ስክሪኑን ያጠፋል። ኢንፍራሬድ ግን ከሌላም ቦታ ይመጣል፦ ከፀሐይ፣ ክር ካለው የድሮ አምፖል፣ ከሃሎጅን ፓውዛ፣ ከከሰል ፍም። የድሮው አምፖል ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን የሚያወጣው በማይታይ ሙቀት መልክ ነው። ስልኮች ይህን የሚያጣሩበት ዘዴ አላቸው፤ ብርሃኑ ሲበረታና ሴንሰሩ ላይ አቧራ ወይም የተጫረ መስታወት ሲኖር ግን ይምታታባቸዋል። ኤልኢዲ አምፖል ኢንፍራሬድ እምብዛም ስለሌለው ከዚህ በኩል ይሻላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ፦

1. ችግሩ በሚታይበት ቦታ መብራቱን አጥፉ ወይም ጥላ ሥር ሁኑ፤ ሰው ይደውልላችሁ። ለውጥ ካለ ስክሪናችሁ ጤነኛ ነው።

2. ከቨሩንና የለጠፋችሁትን መስታወት አንሱ፤ የላይኛውን ጫፍ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። የካኩማን አቧራ ታውቁታላችሁ። ሴንሰሩን የሚሸፍን መስታወት ከሆነ መልሳችሁ አትለጥፉት።

3. ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ብላችሁ ደውሉ፤ ብዙዎቹ ላይ መሞከሪያ ገጽ ይከፈታል። "ሴንሰር" የሚለውን ነክታችሁ አናቱን በእጃችሁ ሸፍኑ። ስልኩ ከነዘረ ሴንሰሩ ይሠራል ማለት ነው።

4. ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ጨለማ ውስጥም እምቢ ካለ፣ ያኔ ጥገና ቤት ሂዱ፤ ግን "ሴንሰሩን እይልኝ" በሉ። ስክሪን ካስቀየራችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነም ንገሩት፤ ርካሽ ስክሪን የሴንሰሩን ቀዳዳ ሊዘጋው ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ በኢንፍራሬድ ፋንታ በማይሰማ ድምፅ ነው የሚለኩት፤ እነሱ ላይ መብራት ማጥፋቱ ለውጥ አያመጣም።

እስከዚያው ወሳኝ ስልክ የምትጠብቁ ሰዎች በኢርፎን ወይም በስፒከር አውሩ። አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ ከሚለው ሥር፣ ስልክ በማብሪያው ቁልፍ እንዲዘጋ ማድረግም ይቻላል።

አገር ቤት ላላችሁም፦ እናት በዋትስአፕ የላክንላትን ድምፅ ስትከፍት ስክሪኑ ጨልሞ "ምንም አልሰማሁም" ካለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሴንሰሩ ጆሮ ላይ ያለ መስሎት ድምፁን ወደ ትንሿ ማዳመጫ ይወስደዋል። አናቱን ጥረጉላት፣ ከመብራቱም ዞር በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚደውሉልን ቢሮዎች። ሰው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር "አልተገኘም" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ድጋሚ ደውሉ፣ ወይም መልሰን የምናገኝበትን ቁጥር በአጭር መልእክት ላኩ። እኚያ እናት እስከ ዛሬ ድረስ አልተደወለላቸውም። ስማቸው ያለበትን ወረቀት ይዘን ሰኞ በአካል እንሄዳለን።

ይህን ጽሑፍ ስልክ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ አድርሱልኝ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በድምፅ አንብባችሁ ላኩላቸው።