«ሶብር አድርጊ» ከማለታችን በፊት



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ በሽታ ነው። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። እኛ ሰፈር ግን «ብርድ»፣ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ነው የሚባለው። በስም መሳሳታችን ብዙ ሰው ሳይታከም እንዲቆይ እያደረገ ስለሆነ ነው መጻፌ።

ታላቅ እህቴ ተወልዳ ያደገችው፣ ወልዳ የከበደችውም ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። ኑሮዋ በእጇ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ረመዳን ሲገባ ደጃፏ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። በ2016 ዓ.ል መጋቢት ላይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደርሶ ሰፈሩ ሲፈርስ የ1445ኛው ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ገብቶ ነበር። በጾም አፏ ዕቃ ጫነች። ከከተማው ዳር ምትክ ቤት ተሰጣት፤ እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ከድሮው ይሻላል። ግን ደንበኛ፣ ዕድር፣ አንድ ሲኒ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶችና የኑር መስጂድ አዛን ከዕቃው ጋር አይጫኑም። ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ገቢዋ ቆመ።

ስምንት ወር ገደማ ሲሆን እጇ ጀመራት። ለሱብሒ ስትነሳ ጣቶቿ አይታጠፉም። ውዱእ ለማድረግ የቧንቧውን እጀታ ማዞር አቃታት። ለተሸሁድ ስትቀመጥ የእግሯ ጣቶች ያስጮኋታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየች በኋላ ነው የሚለቃት። ጎረቤት «የአዲሱ ሰፈር ብርድ ነው» አላት። አንድ ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻ መርፌ እየወጋ መለሳት። ዘመድ ደግሞ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው፤ ይሄ የአላህ ቀደር ነው፤ ሶብር አድርጊ» አላት። እንዲህ እየተባለ አምስት ወር አለፈ። በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎላት በደም ምርመራ በሽታው ታወቀ።

በሽታው ብርድ አይደለም። ሰውነትን ከጀርም ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ100ው 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ታዲያ ጭንቀትና ሐዘን ያመጡታል? ለብቻቸው ያመጡታል ማለት አይቻልም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ ሲጋራም ትልቅ ድርሻ አለው። ሕመሙ ሳይሰማ ከዓመታት በፊት ምልክቱ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ማገዶው ቀድሞ የተከመረ ነው ማለት ነው፤ ከባድ ጭንቀት ክብሪቱን ከሚያቀርቡት አንዱ ይመስላል። በጤናማ ጊዜ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ብግነትን ያረግባል። ጭንቀቱ ወራትና ዓመታት ሲቆይ፣ እንቅልፍም ሲጠፋ፣ ይህ መቆጣጠሪያ ይዛባል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አንድ የስዊድን ጥናት ወጥቶ ነበር። ከከባድ የሕይወት ፈተና በኋላ በሐኪም የተረጋገጠ የጭንቀት ሕመም የያዛቸውን ከ106,000 በላይ ሰዎች ከእህት ወንድሞቻቸውና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች (ሩማቶይድ አርትራይተስ አንዱ ነው) የተያዙት፣ ከተጨነቁት መካከል በዓመት ከ1,000 ሰው 9 ያህል ሲሆኑ ከሌሎቹ 6 ያህል ናቸው። በአሜሪካ ከ54,000 በላይ ሴት ነርሶችን የተከታተለ ሌላ ጥናትም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው ጭንቀት ብዙ ምልክት የታየባቸው ሴቶች በሩማቶይድ አርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው 76 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል።

ቁጥሩን በልኩ እንያዘው። የተፈናቀለና ያዘነ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይታመምም። ግን «ሐሳብ ሰውነትን አይነካም» ማለትም አንችልም።

እዚህ ላይ የነቢዩላህ ያዕቆብን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። በሱረቱ ዩሱፍ እንደተነገረን ልጃቸውን አጥተው ከሐዘን የተነሳ ዓይኖቻቸው ነጡ። እኚህ ነቢይ ግን የመልካም ሶብር ምሳሌ ናቸው፤ ስሞታቸውን ያቀረቡት ለአላህ ብቻ ነው። ሶብር በልባቸው ነበር፤ ሐዘኑም ዓይናቸውን ነክቶ ነበር። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ተገኝተዋል። ታዲያ የታመመችን እህት «ኢማንሽ ቢጠነክር ኖሮ አትታመሚም ነበር» የምንላት በምን ማስረጃ ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። ሶብር ማለት ሐኪም ቤት አለመሄድ አይደለም።

ስለዚህ፦

ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ግትርነት ካለ፣ የሁለቱም እጅ ወይም እግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አብረው ካበጡ፣ ይህም ሳምንታት ከዘለቀ ወደ ሐኪም ሂዱ። የሩማቶይድ ፋክተርና የአንቲ ሲሲፒ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የተጀመረ ሕክምና መገጣጠሚያው እንዳይበላና ጣት እንዳይጣመም ብዙ ይረዳል።

ማስታገሻ መርፌ ሕመሙን እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ፕሬድኒሶሎንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ስትወስዱ ቆይታችሁም በድንገት አታቁሙ። ሜቶትሬክሴት የታዘዘላችሁ ደግሞ ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አለመሆኑን አትርሱ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም፤ ሺሻውም ያው ትምባሆ ነው።

እንቅልፍ የነሳ ጭንቀትም ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል አማኑኤል ብቻ እየታየን አንፈር። በስዊድኑ ጥናት ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ጭንቀት ከያዛቸው መካከል በመጀመሪያው ዓመት የጭንቀት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የወሰዱት ተጋላጭነታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ዲናችን ገር ነው። መቆም ወይም መታጠፍ ያቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። ውዱእ በሞቀ ውሃ ይደረጋል። ውሃ ለሚጎዳው ተየሙም አለ። ጾም የሚያባብስበት ቀዷ ያወጣል። ስለ መድኃኒታችሁ ሰዓት ሐኪማችሁን፣ ስለ ዒባዳችሁ ዑለማዎችን ጠይቁ።

የጀማዓው ድርሻም አለ። ከፒያሳ ወጥተው በየአቅጣጫው የተበተኑ ጎረቤቶቻችን ስልክ አሁንም እጃችን ላይ ነው። ከሐኪም ቤት ቀጠሮ አብሮ መሄድ፣ የትራንስፖርት መቻል፣ ጁምዓ ከሰዓት ሄዶ ቡና አፍልቶ መጫወት ዚያራ ነው፤ ሰደቃም ነው። ከዚያ በኋላ «ሶብር አድርጊ» ብንላት ቃላችን ክብደት ይኖረዋል።

አላህ የታመሙትን ሙሉ ሺፋ ይስጣቸው፤ የተበተኑትን በኸይር ይሰብስብ። ኣሚን።

ለሚመለከታት እህት እንዲደርስ ሼር አድርጉ።