ከድልድዩ በታች

በአውቶቡስ ጎጃም የሄደ ሰው አባይን የሚያውቀው በጆሮው መደፈንና በፍሬን ሽታ ነው። ጎሃ ጽዮንን አልፎ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ድልድዩ ላይ ሲደረስ ሁሉም ወደ መስኮት ያጋድላል፤ «ይኸው አባይ!» ይባላል፤ ከዚያ የደጀን ዳገት ነው። ትውውቃችን ከድልድዩ ርዝመት አያልፍም። ይህን ያህል የተዘፈነለት ወንዝ ሆኖ፣ በላዩ ተጉዘው የወረዱት ሰዎች ማስታወሻ ግን በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ ነው የተጻፈው።

*

በ1968 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ በጃንሆይ ግብዣ፣ ቡድን አስከትሎ በአባይ ሸለቆ ወረደ። ያውም ወንዙ በሞላበት ወቅት። ኋላ በኤቨረስት ዘመቻዎቹ የታወቀው ክሪስ ቦኒንግተን ፎቶ ሊያነሳ አብሮ ነበር፤ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ሰው፣ ውሃ ሊወስደው ለጥቂት ተረፈ። ኢያን ማክሎድ የተባለው ባልደረባቸው ግን ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ቀረ። ሽፍቶችም ተኩሰውባቸዋል።

እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በጎማ ጀልባ ተሳፍረው፣ ቆብ ደፍተው፣ ወደ ፏፏቴ እየተጣደፉ የሚሄዱ ፈረንጆችን ከገደሉ አፋፍ ያየ ባላገር ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ አወራ? የዚያ ምሽት ጨዋታ ከጉዞው ዘገባ ሁሉ ሳይጥም አይቀርም። የጻፈው የለም።

*

በ1973 በኦሞ ወንዝ የወረዱት ቀዛፊዎች፣ እነ ሪቻርድ ባንግስ፣ ለጉዞ ድርጅታቸው የመረጡት ስም «ሶቤክ» ነው፤ የጥንት ግብጾች የአዞ አምላክ። ኦሞ ከፏፏቴው ሌላ አዞም ጉማሬም ሞልቶበት ነበርና ጉቦ ይመስላል። እኛም እኮ ለአድባሩ ቡና እናፈስሳለን።

*

ቀዘፋ ከሩቅ ሲያዩት የጉልበት ሥራ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ንባብ ነው። ውሃ በሁለት ቋጥኞች መካከል ሲያልፍ ጫፉ ወደ ታች የሾለ ለስላሳ ምላስ ይሠራል፤ መንገዱ እሱ ነው። ጫፉ ወደ ላይ ከሾለ ግን ከሥሩ ድንጋይ አድብቷል። ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ውሃው ዞሮ ሽቅብ ይፈሳል፤ ቀዛፊው እዚያ ገብቶ ያርፍና ቀጣዩን ያያል። ካልታየው ጀልባውን ዳር አስሮ በእግሩ ሄዶ ያጠናል። ካላማረው ጀልባውን ተሸክሞ በየብስ ያልፋል፤ ይህን ማድረግ በሙያው ሰዎች ዘንድ አያሳፍርም። እንዲህ አረፋ እየደፈቀ ለሚወርድ «ነጭ ውሃ» ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃው ግን ከወቅቱ ጋር ይዋዥቃል፤ የነሐሴና የጥር አባይ አንድ ወንዝ አይደሉም።

*

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች የውሃን ማታለል ያውቁ ነበር። የሚጮኸው ውሃ ራሱ ያስጠነቅቃል። ክፉው ዝምተኛው ነው፦ ውሃውን አሳልፎ ሰውን አንቆ የሚያስቀረው የወደቀ ዛፍ፣ ወይም ቁመቱ ከሰው የማይበልጥ ግድብ ሥር ባለበት የሚገላበጠው አዙሪት። አረፋው ደግሞ አየር ስለሆነ ሰው አያንሳፍፍም።

ከጀልባ ለወደቀ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «አትቁም» ነው። እግር ድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ፣ ጭን የማያልፍ ፈጣን ውሃ እንኳ ደፍቶ ያሰጥማል፤ ስለዚህ በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ወደሚፈስበት አቅጣጫ ዘርግቶ፣ ዳር እስኪገኝ መሄድ። እኛ ደገኞች ከልጅነት የተማርነው ተቃራኒውን ነው፦ በትር ተደግፎ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ በእግር ጸንቶ መቆም። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእኛ ትምህርት የተሻጋሪ ነው።

*

ተሻጋሪነታችን በስም አወጣጣችንም ይታያል። የወንዝ ዳር ሰው በስም የሚጠራው መልካውን ነው፤ ከብት የሚሻገርበትን፣ ነጋዴ አህያውን የሚያሳልፍበትን ረጋ ያለ ቦታ። ቀዛፊ ደግሞ ረጋ ያለውን ሳያስተውል አልፎ ለሚያናውጠው ስም ያወጣል። የሁለቱ ካርታ ቢነባበር ወንዙ ሙሉውን ስም ባገኘ ነበር።

*

ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ቀዛፊዎች ሰከላ ካለው የአባይ ምንጭ ተነስተው በ2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ፤ 114 ቀን ፈጀባቸው። ዛሬ ያንን መንገድ ልድገም የሚል ሰው በጉባ በኩል የሕዳሴው ግድብ ይጠብቀዋል። ምረጥ ብባል መብራቱን እመርጣለሁ፤ ሳላቅማማ። የተዋጠው ፏፏቴ ግን ምን ይመስል እንደነበር የምናየው ባዕዳን በቀረጹት ፊልም መሆኑ ደስ አይልም።

*

ዑጋንዳ ውስጥ ግን፣ ጂንጃ ላይ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በነጭ አባይ ላይ ቱሪስት በጎማ ጀልባ ማውረድ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። በ2011 የቡጃጋሊ ግድብ ፏፏቴዎቹን ሲያሰጥም ቀዛፊዎቹ ወደ ታች ወረዱ፤ በ2019 የኢሲምባ ግድብ ተከተላቸው። ተሟገቱ፣ ጮኹ፣ የቀረውን ተሻምተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ኦሞ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2016 ተመርቆ እነ ሶቤክ ከቀዘፉበት ሸለቆ ከፊሉን ሐይቅ አደረገው። ክርክሩ የበረታው ከታች፣ ጎርፍ ሲሸሽ በሚያርሱትና በከብት በሚኖሩት ሰዎች ጉዳይ ነበር፤ ሊሆንም የሚገባው እዚያው ነው። ስለ ፏፏቴዎቹ ሲነሳ ግን አልሰማሁም። ከእነሱ እንጀራ የሚበላ የአገር ልጅ አልነበረማ።